ውኃን ከጥሩ፤ የጠላና የጠማቂዎች ታሪክ

(በሬዲዮ የተነገረ)



«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም። የምሳሌውን የመጀመሪያ ክፍል በየመሥሪያ ቤታችን ዘወትር እንጠቅሰዋለን፤ ጉዳዩ ከመሠረቱ ይመርመር ለማለት ነው። ሁለተኛውን ክፍል ግን ለቃሉ ማሳመሪያ ብቻ የተነገረ እየመሰለን እንዲሁ እናልፈዋለን። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ስለ ተዘነጋው ክፍል ነው፤ ይኸውም ውኃ በመጠጥ ጠመቃ ላይ ያለው ሥልጣን ምን ያህል እንደ ሆነ፣ የሰው ልጅ ይህን እንዴት እንደ ደረሰበትና ለማይስማማው ውኃ ምን ዘዴ እንደ ተገኘለት ለማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ያስብ። አንዲት የሰሜን ሸዋ ባለሙያ ባሏ በመንግሥት ሥራ ወደ ድሬዳዋ ሲዛወር አብራው ትሄዳለች እንበል። ገብሱን፣ ብቅሉንና ጌሾውን ከአገሯ ታስመጣለች፤ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች፤ ጥንስሱንም እንደ እናቷ ሥርዐት ትጠነስሳለች። ዳሩ ግን ጠላው የአገሯን ጠላ አይመስልም። ቀማሹ ሁሉ «እጇ ተበላሸ» ይላል እንጂ «ውኃው ምን ዐይነት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ይህ ቃል በጌታ ቤት ቢነገር ቅሬታ ብቻ አስከትሎ ያልፍ ይሆናል። ጠላ ሸጣ ልጆቿን በምታሳድግ ሴት ላይ ሲነገር ግን የእንጀራ ነገር ነው፤ ደንበኛዋ ይሸሻታል፣ ብድሯም ሳይከፈል ይቀራል። እንግዲህ የጠላን ውኃ መመርመር የመጠጥ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን በከንቱ የሚነቀፈውን ሰው ከነቀፋ የማዳን ጉዳይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ታሪኩን ከሰላ ድንጋይ እንጀምር። ሰላ ድንጋይ ዛሬ በሰሜን ሸዋ የሞጃና ወደራ ወረዳ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ፣ የንጉሡ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች። ልጃቸው በአንኮበርና በአንጎለላ ግብር ሲያገቡ፣ እርሳቸው በሰላ ድንጋይ ሆነው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ እንደ ነበር የጊዜው ተጓዦች መስክረዋል። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1842 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ አልፎ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅን እጅ ነሥቷል። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም ከ1841 እስከ 1843 ዓ.ም. በሸዋ ተቀምጦ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውሏል። በዚያው ዘመን ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በዓልዩ አምባና በአንኮበር ተቀምጦ ስለ አገሩ ኑሮ መጽሐፍ ጽፏል።

እነዚህ እንግዶች የንጉሡን ግብር፣ የመኳንንቱን አለባበስና የሠራዊቱን ብዛት በሰፊው አትተዋል፤ ጠጁንና ጠላውንም ሳያነሡ አላለፉም። በዚያ ዘመን በአንድ ታላቅ ግቢ ጠላ ማለት የግብር ምሰሶ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጭፍራው፣ ባለጉዳዩ፣ ካህኑና መንገደኛው ሁሉ የሚስተናገደው በእርሱ ነውና ውኃ ቀጂው፣ ፈጪዋና ጠማቂዋ የሚያርፉበት ቀን አልነበረም። ይሁን እንጂ የእነዚህ ሠራተኞች ዕውቀት በተጓዦቹ መጻሕፍት ውስጥ የያዘው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። የእኛም ጸሓፊዎች ቢሆኑ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሲጽፉ ወደ ጓዳው አልዘለቁም። ስለዚህ ያ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ብቻ ሲተላለፍ ኖረ።

አሁን ደግሞ ስለ አገሩ ድንጋይ ጥቂት እንናገር፤ ውኃ የሚያልፍበትን ድንጋይ ጠባይ ይወርሳልና። የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። በዚህ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናም ቶሎ ወርዶ በአቅራቢያው በሚገኝ ምንጭ ሲወጣ፣ ከድንጋዩ የሚወስደው ማዕድን ብዙ አይደለም። የጀማ ወንዝ በሸረሸረው ጥልቅ ሸለቆ ግን ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የኖራ ድንጋይ ተገልጦ ይታያል። በእንሳሮ ወረዳ በለሚ የተሠራውና በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ታላቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ ለዚህ ሀብት ምስክር ነው፤ ሲሚንቶ ያለ ኖራ ድንጋይ አይሠራምና። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ የኖረ ውኃ ኖራውን እያሟሟ ይይዛል፤ ሳሙና አልነሣ የሚለው፣ በማንቆርቆሪያችንም ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያበጀው ጠጣር ውኃ ይህ ነው። እንግዲህ በአንድ አውራጃ ውስጥ እንኳ የደጋው ምንጭና የቆላው ምንጭ ወንድማማች ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህ ነገር በጠመቃ ላይ የሚያመጣውን ለማወቅ ወደ አውሮፓ ታሪክ ብንመለከት ብዙ ትምህርት እናገኛለን። በእንግሊዝ አገር በርተን በምትባለው ከተማ የሚጠመቀው ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው መራራ ቢራ እስከ ህንድ ድረስ ዝናው የተሰማ ነበር። የሌላ ከተማ ጠማቂዎች ያንኑ ገብስና ያንኑ ጌሾ መሰል ተክል፣ ሆፕ የሚባለውን ማለት ነው፣ ወስደው ቢሞክሩት አልሆነላቸውም። ምስጢሩ የበርተን ጉድጓዶች ውኃ ጀሶ ከሚባለው ድንጋይ የሟሟ ማዕድን የሞላበት መሆኑ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ250 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ይገኝበታል። ቪንሰንት የተባለ ኬሚስት ይህን በ1878 ዓ.ም. ከገለጠ ወዲህ በሌላ ከተማ ያሉ ጠማቂዎች በውኃቸው ላይ ጀሶ እየጨመሩ «በርተን ማድረግ» የሚባለውን ሥራ ጀመሩ።

በቦሄሚያ አገር በፒልዘን ከተማ ደግሞ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1842 ዓ.ም.፣ ክራፍ በሰላ ድንጋይ ባለፈበት በዚያው ዓመት፣ ዮሴፍ ግሮል የተባለ ባቫሪያዊ ጠማቂ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚመሰለውን ወርቃማ ቢራ በዚያች ከተማ ጠመቀ። የፒልዘን ውኃ በሊትር ከ10 ሚሊግራም የማይበልጥ ካልሲየም ያለበት፣ እጅግ ልስልስ ውኃ ነው። ያለዚህ ውኃ ያን የመሰለ የጠራና የለሰለሰ ጣዕም ባልተገኘም ነበር። የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ደግሞ ከኖራ ድንጋይ የወጣ፣ ቢካርቦኔት የበዛበት ውኃ ነበራት። በዚህ ውኃ ፈዛዛ ቢራ ቢጠመቅ የሚከረክርና የሚመር ይሆናል፤ በኃይል በተቆላ እህል የሚጠመቀው ጥቁር ቢራ ግን አማረበት። አርተር ጊነስ በዚያች ከተማ የጠመቃ ቤቱን የተኮናተረው በ1759 ዓ.ም. ነው። ዳንኤል ዊለር በ1817 ዓ.ም. ብቅል እንደ ቡና የሚቆላበትን መሣሪያ ካወጣ በኋላ ደግሞ የጥቁሩ ቢራ ሥራ ይበልጥ ተስፋፋ።

እነዚህ ሦስት ከተሞች ኬሚስትሪ ከማወቃቸው አስቀድሞ ምላሳቸው ውኃቸውን ዐውቆት ነበር። እያንዳንዱ አገር ውኃው የፈቀደለትን ጠመቀ፤ የማይስማማውን ተወ፤ ያንንም የተረፈውን «የአገራችን ወግ» አለው። ሳይንስ የመጣው ኋላ ሲሆን፣ የመጣውም ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

ሳይንስ ያስረዳው ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በብቅል ውስጥ የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይም የሚባሉ ረቂቅ ነገሮች አሉ። እነዚህ በደንብ የሚሠሩት ጥምቁ ጥቂት የኮመጠጠ እንደ ሆነ ነው። ዴንማርካዊው ሶረንሰን በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ የምርምር ቤት ሲሠራ በ1909 ዓ.ም. ለዚህ መለኪያ አወጣለት፤ ስሙም ፒኤች ይባላል። በዚህ መለኪያ 7 ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ነው፤ ከ7 በታች ኮምጣጣ፣ ከ7 በላይ አልካላይን ይባላል። የቢራ ብቅል ሥራ የሚሰምርለት ከ5.2 እስከ 5.6 ባለው ውስጥ ነው። ቢካርቦኔት የበዛበት ውኃ ግን አሲዱን ሁሉ እየዋጠ ጥምቁን ከዚህ ልክ በላይ ያቆየዋል። ያን ጊዜ ስኳሩ ያንሳል፤ ከእህሉ ገለባም የሚከረክር ጣዕም ይወጣል። የተቆላ እህል በራሱ አሲድነት ስላለው ይህን የውኃ ጠባይ ያሸንፈዋል፤ የደብሊን ምስጢር ይህ ነው። ካልሲየምም በበኩሉ ከብቅሉ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ስለሚያወጣ ውኃውን ያግዛል። ጀርመናዊው ኮልባክ በ1953 ዓ.ም. የሁለቱን ትግል በቁጥር ለክቶ፣ አንዱን እጅ ቢካርቦኔት ለማሸነፍ ሦስት እጅ ተኩል ካልሲየም እንደሚያስፈልግ አስረድቷል።

አድማጮች ሆይ፤ አሁን ወደ ጓዳችን እንመለስ። የጠላ ሥራ አሻሮ መቁላት፣ ዱቄቱን በምጣድ ማመስና እንኩሮ ማድረግ አለበት። ከዚህም ሁሉ ጋር በጥንስሱ ውስጥ እርሾና አኮምጣጭ ረቂቅ ሕዋሳት አብረው ስለሚሠሩ፣ የበሰለ ጠላ ብዙውን ጊዜ በመለኪያው ከ4 እስከ 5 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የተቆላ እህልና የኮመጠጠ ጥንስስ የእናቶቻችን ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። እናቶቻችን አሻሮውን የሚያጠቁሩት ለቀለሙና ለጣዕሙ ብለው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የደብሊን ሰዎች ጥቁር እህል በሠራው ሥራ የእነርሱም ጥቁር እህል እየሠራላቸው ኖሯል። ጠላውን የሚያጠቁር ቤትና የሚያነጣ ቤት በየአገሩ መኖሩ የፍላጎት ልዩነት ብቻ ነው ብለን ከመደምደማችን በፊት፣ ምንጩን ሄዶ መቅመስ ይገባን ነበር።

በጥንት ዘመን ይህ ሁሉ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። ጠማቂዋ በተወለደችበት አገር ስለምትኖር፣ እጇ ከምንጩ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ችግሩ የመጣው ሰውም ውኃም መዛወር ሲጀምሩ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውኃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ባመጣ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው እጅግ ተደንቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዪቱ በገፈርሳ፣ በለገዳዲና በድሬ ግድቦች የዝናም ውኃ ስታከማች፣ ከአቃቂ በኩል ደግሞ ከጥልቅ ጉድጓዶች ትስባለች። የግድብ ውኃ አብዛኛው ከሰማይ የወረደ ስለ ሆነ ልስልስ ነው፤ በመሬት ውስጥ ረጅም ዘመን የቆየው የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ማዕድኑ ይበዛል። እንግዲህ በአንዲቱ ከተማ ውስጥ የአንዱ ሰፈር ቧንቧ ከሌላው ሰፈር ቧንቧ ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ ቤት የለወጠች ጠማቂም ሳታውቀው ውኃ ትለውጣለች።

ድሬዳዋ ደግሞ በኖራ ድንጋይ ውስጥ በሚገኝ የከርሰ ምድር ውኃ የምትኖር ከተማ ናት። የውኃዋ ጠጣርነት የታወቀ ነው፤ ቧንቧውን ውስጥ ለውስጥ በነጭ ቅርፊት እስኪደፍነው ድረስ ይደርሳል። በስምጥ ሸለቆ ባሉ ከተሞች የሚገኘው ውኃ ደግሞ በብዙ ስፍራ ሌላ ጠባይ አለው፤ ካልሲየሙ ጥቂት ሲሆን ሶዲየምና ቢካርቦኔት ይበዛበታል፤ ፍሎራይድም አለበት። አንዱ ጠጣር ነው፤ ሌላው ጠጣር ሳይሆን አልካላይን ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ መድኀኒታቸው አንድ አይደለምና።

የመጀመሪያው መድኀኒት ማፍላት ነው። ካልሲየምና ቢካርቦኔት ያለበት ውኃ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር ይወጣል፤ ኖራውም ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህ «ጊዜያዊ ጠጣርነት» ይባላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ በደጋ አገር ውኃውን ግማሽ ሰዓት ያህል አፍልቶ ማሳደር ይገባል። በማግስቱ ዕቃውን ሳያናውጹ ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ አድርጎ መገልበጥ ነው፤ ዝቃጩን ከነውኃው የሚጨምር ሰው የደከመበትን መልሶ ያፈርሰዋል። ማፍላት ለቧንቧ ውኃ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለጤና ሲባል የተጨመረው ክሎሪን በኖ ይጠፋል፤ ክሎሪን በመጠጥ ውስጥ ሲቀር የመድኀኒት ሽታ ያመጣልና። ከጀሶ የመጣው ጠጣርነት ግን በማፍላት አይወጣም፤ ስለዚህ «ቋሚ» ይባላል። ለጠመቃም እጅግ ካልበዛ በቀር ጠላት አይደለም፤ የበርተን ዝና የመጣው ከእርሱ ነውና።

ሁለተኛው የኖራ ዘዴ ነው። በአበርዲን መምህር የነበረው ቶማስ ክላርክ በ1841 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን፣ የሚገርመው ኖራን በኖራ ማስወጣቱ ነው። የተመጠነ የኖራ ውኃ በጠጣሩ ውኃ ላይ ሲጨመር ሁለቱም አብረው ይዘቅጣሉ። ይህ የፋብሪካና የከተማ ሥራ ነው፤ መለኪያ በሌለው ቤት አይሞከርም። ጀሶም ቢሆን ለልስልስ ውኃ ይጨመራል፤ 1 ግራም ለምግብ የተዘጋጀ ጀሶ በ10 ሊትር ውኃ ላይ ሲጨመር በሊትር 23 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። ለግንብ የሚሸጠው ጀሶ ግን ወደ ጋን የሚገባ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው መቀላቀል ነው። በሊትር 300 ሚሊግራም ጠጣርነት ያለው ውኃ በእኩል የዝናም ውኃ ቢቀላቀል ወደ 150 ይወርዳል። የዝናሙ ውኃ ጣራው ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ መሆን አለበት። ለስምጥ ሸለቆው ውኃ ማፍላት የማይረዳ ስለ ሆነ ይህ መቀላቀል ዋና መድኀኒቱ ነው፤ ሶዲየም እንደ ካልሲየም አይዘቅጥምና። ፍሎራይድም በማፍላት አይወጣም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ይበረታል። ስለዚህ ጤናን የሚመለከተውን ጉዳይ የውኃ ባለሙያ ሳይጠይቁ በጓዳ ዘዴ ፈታሁት ማለት አይገባም።

አራተኛው የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ከአሻሮው ከፊሉን አጥቁሮ መቁላት። ይህ ወጪ የለበትም፣ መለኪያም አይሻም፤ ልምድና ምላስ ይበቃዋል።

የአገራችን የቢራ ኢንዱስትሪ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተመሠረተው በጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ከተጀመረ አንድ ምዕት ዓመት አልፎታል። ሰሜን ሸዋም ዛሬ የዚህ ሥራ አገር ሆናለች፤ ሐበሻ ቢራ በ2007 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ሥራውን ሲጀምር፣ ዳሽንም በዚያችው ከተማ ሁለተኛ ፋብሪካውን ሠርቷል፤ ከዚያም ወዲህ የብቅል ፋብሪካ ተተክሏል። የቢራ ፋብሪካ ውኃውን በየጊዜው የሚመረምርበት የምርመራ ክፍል አለው፤ ውኃው ሲለወጥ ጠማቂው ወዲያው ያውቃል፤ ጥፋተኛውም ማን እንደ ሆነ በወረቀት ላይ ይታያል። የጠላ ጠማቂዋ ግን ይህ ሁሉ የላትም። ውኃው ቢለወጥባት የሚነግራት የለም፤ ጥፋቱም በእጇ ላይ ይቀራል።

ይህን ማስተካከል ከባድ አይደለም። የከተማ ውኃ መሥሪያ ቤቶች የውኃውን ጠባይ ይመረምራሉ፤ የምርመራው ውጤት በመዝገብ ተዘግቶ ከሚቀር ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ቢነገር፣ ይህ ሰፈር ጠጣር፣ ያ ሰፈር ልስልስ ተብሎ ቢገለጥ፣ ለጠማቂዋም ለልብስ አጣቢዋም ይጠቅማል። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ አድማጮች ይህን ለማድረግ ሥልጣን ወይም ዕድል ያላችሁ ናችሁ። የአሮጊቶቹን ዕውቀት ደግሞ፣ የትኛው ምንጭ ለየትኛው መጠጥ እንደሚመረጥ፣ አሻሮው በየትኛው አገር ምን ያህል እንደሚጠቁር፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ መጻፍ ያስፈልጋል። ከወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ግቢ ጠማቂዎች የአንዲቱን ስም እንኳ ዛሬ ጠርተን ለማመስገን አልታደልንም። የዛሬዎቹ ግን በየሰፈራችን አሉና ምክንያት የለንም።

እስከዚያ ድረስ በዘመድ ቤት የቀረበልን ጠላ ያልጣመን እንደ ሆነ፣ ስለ ባለሙያዪቱ እጅ ከመናገራችን በፊት የቤቱን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እንመልከት። ነጭ ቅርፊት ይዞ ከተገኘ ነገሩ ከሥሩ ታውቋል ማለት ነው።